የበሩ ጀርባ

"ደረሰኝም ይዣለሁ" አለ ቀለም ቀቢው፣ ገና ደጃፉ ላይ በቅጡ ሳይቆም። አዲሱን የደረሰኝ ጥራዝ ከፍ አድርጎ አሳየ። "ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በወረቀት ነው። የሦስት ወሩን ስትሰጪኝ እዚሁ ቆሜ እጽፍልሻለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። አንድ እጅጌው የተገጠመ፣ አንድ እጅጌው ያልተገጠመ ሸሚዝ ከመርፌው ስር ተንጠልጥሎ ቀረ።

"የምን ሦስት ወር ጋሼ?"

ይኼን አልጠበቀም። ሰበብ ጠብቆ ነበር፤ ልቅሶም ጠብቆ ነበር። ለሁለቱም የሚሆን መልስ ጠዋት ጫማውን ሲያስር አዘጋጅቷል። ለግራ መጋባት ግን አላዘጋጀም።

ቤቱን ሲገዛ ነገሩ ሁሉ ቀላል መስሎት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ሲቀባ ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቆ ጉልበቱ ተሰበረ። "ከእንግዲህ መሰላል አትወጣም" አለው ሐኪሙ፣ መሰላል መውጣት የመዝናኛ ጉዳይ ይመስል። እሱና ሚስቱ ያጠራቀሙትን ከባንክ ብድር ጋር አዳብለው፣ አንዲት አሮጊት ሲሞቱ ልጃቸው ለገበያ ያቀረበውን ግቢ ወር ሳይሞላ ገዙት። ከነበሩ፣ ከነመስኮቱ፣ ከነተከራዩ። ተከራዮቹ ሁለት ናቸው፤ ጓሮ ያለችው ልብስ ሰፊዋ፣ በሩ አጠገብ ያለው የጭነት መኪና ሹፌር። የሁለቱ ኪራይ ሲደመር የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ልክክ አድርጎ ይሸፍናል። ሚስቱ ይህን ሂሳብ አሥር ጊዜ ደምራዋለች፤ አሥሩንም ጊዜ ልክ ነበር። ያልደመረችው፣ ተከራይ ላይከፍል ይችላል የሚለውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ወር አዲስ ገቢ ነኝ ብሎ ዝም አለ። ሁለተኛውን ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። የሁለቱን ወር ለባንኩ ከቀረችው ጥሪት ቆንጥረው ከፈሉ። ትናንት ደግሞ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ ከባንኩ ደውላ፣ ሦስተኛው እስከ ሰኞ ካልገባ ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል እንደሚያልፍ በትሕትና ነገረችው። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

"እኔኮ ለእማማ የዓመቱን ከፍያለሁ" አለች ሰፊዋ። "ልጃቸው ነግሮዎታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እርስዎም አልጠየቁኝ።"

"የዓመቱን? ማን ነው የዓመት ኪራይ ባንዴ የሚከፍል?"

"እኔ ነኛ። ገንዘብ እጄ የሚገባው በዓመት አንዴ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ የዩኒፎርም ሥራ ሲመጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው። እማማ ይኼን ስለሚያውቁ 'እጅሽ ላይ ሳይበተን አምጪው' ይሉኛል፤ የአሥራ ሁለቱን ወር ቆጥሬ እሰጣቸዋለሁ።"

"ፈርመውልሻል?"

"ፊደል መች ቆጥረው! በቢላዋ በር ላይ ይቀርጹታል። ለአንድ ወር አንድ ጭረት። ወሩ ሲያልቅ በላዩ አጋድመው ይሰርዙታል። እርስዎ ሲገቡ ሰባት ያልተሰረዘ ነበረኝ። ሦስቱ አለፈ፤ አራት ይቀረኛል።"

"የትኛው በር ላይ?"

"የመኝታ ቤታቸው። ከውስጥ በኩል፣ ጀርባው ላይ።"

ቀቢው የደረሰኙን ጥራዝ ዝቅ አደረገ። ያንን በር ያውቀዋል። በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት መጀመሪያ የቀባው እሱን ነው፤ አሁን እሱና ሚስቱ የሚተኙበት ክፍል በር ነው። ጀርባው ከደረት በታች ተከታትፎ ነበር፤ በዘጠኝ ረድፍ፣ ከመቶ የሚበልጥ ቁስል። "ምን ዓይነት እብድ ነው በር የሚከትፍ?" ብሎ ሚስቱን አስቋታል። ከዚያም ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ጭረት በስቱኮ፣ በዚያ ቀዳዳ በሚደፈንበት ነጭ ሊጥ፣ አንድ በአንድ ሞላት። ግማሽ ቀን ፈጀበት። በማግስቱ ሲደርቅ አሻሸው፤ ከዚያ ቀባው። እርጥብ ስቱኮ ላይ ቀለም የሚያሳርፍ ቀቢ ሌባ ነው ይል ነበር ለሥራ ባልደረቦቹ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።

"ያ በር ተቀብቷል" አለ።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። "ጭረቶቹስ?"

"እኔ እንጃ። ልብ አላልኩም።"

ይኼን ሲል ዓይኑ የገዛ ጉልበቱ ላይ አረፈ። የሥራ ቱታው ጉልበት ላይ በወፍራም ጨርቅ ተደርቦ፣ በውስጡ ስፖንጅ ገብቶበት የተሰፋ ጥጋኝ አለ። እሷ ናት የሰፋችው፤ ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ መስኮት ሲያሻሽ አይታ፣ "መሬት ሲነኩ ፊትዎ ይጨማደዳል፤ ያውልቁትና ይስጡኝ" ብላ። ልክፈልሽ ቢል ስቃ አባረረችው። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ መሬት ሲነካ እንደ ድሮው አያመውም።

"እስቲ ልጃቸውን ልጠይቀው" አለና ደረሰኙን ኪሱ ከቶ ተመለሰ።

የአሮጊቷ ልጅ ስልኩን ያነሳው በአምስተኛው ጥሪ ነው። ከጀርባው ሙዚቃ ይሰማል።

"ጋሼ፣ እኔ የሸጥኩልዎት ቤት ነው" አለ ነገሩን ሲሰማ። "የእናቴን ጨዋታ አይደለም።"

"ልጄ፣ እናትህ የዓመት ኪራይ ተቀብለዋል ነው ሰፊዋ የምትለው። ገንዘቡ ለቀብርም ይሁን ለምን ውሎ ይሆናል፤ እሱን አላውቅም። ብቻ እናትህ በር ላይ መጻፋቸውን ታውቃለህ ወይ?"

"ልጅ ሆኜ ሲቀርጹ አይ ነበር። አሁን ግን ውሉ ላይ በር የሚል ነገር አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው በሩም አብሮ ተሽጧል። መልካም ቅዳሜ!" ስልኩ ተዘጋ።

ሚስቱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት፤ ከሰዓት ተረኛ ስለሆነች ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። ነገሩን ሲነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እና ምን ልታደርግ ነው? የሞተች ሴት በቢላዋ የጫረችውን ይዘን ባንክ እንሂድ?"

"ብትዋሽ ኖሮ ፊቷ ላይ ይታወቅ ነበር።"

"አንተ ደግሞ የሰው ፊት ማንበብ የጀመርከው መቼ ነው? ግድግዳ ስታይ የኖርክ ሰውዬ!" ሳቅ ብላ ነበር፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። እጆቿን ዘርግታ አሳየችው። በበረኪና ተልጠው ቀልተዋል። "እየው። ይኼ እጅ ነው ይኼን ቤት የገዛው። ልትከፍል ካልቻለች ትውጣ፤ የሚከፍል እናስገባለን። እኔ አሳዘነችኝ ብዬ እጄን ደግሜ የማስልጥ አይምሰልህ።"

"ልጇ የነርስነት የመጨረሻ ፈተና ላይ ናት አሉ።"

"የእኛስ ቤት ፈተና ላይ አይደለም?" አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ሚስቱን እስከ ውጭ በር ሸኝቶ ሲመለስ ሹፌሩን አፉ ዙሪያ የጥርስ ሳሙና አረፋ እንደያዘ ቧንቧው ጋ ቆሞ አገኘው። የሁለት ወር ኪራይ አለበት። ቀን ቀን ተኝቶ ስለሚውል እሱን በንቁ ዓይን ማግኘት ራሱ ዕድል ነው።

"አባቴ!" አለ ሹፌሩ ደስ ብሎት። "የበሩን ነገር ከሰፊዋ ሰማሁ። እኔም ልነግርዎት ስል ነው የቆየሁት። የእኔም እዚያ በር ላይ አለ። አምስት ጭረት።"

"ያንተም?"

"አዎ፣ እማማ ይቀርጹልኝ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር፣ እንዴት ያለ ሰው መሰሉዎት!"

"በሩ ላይ በየት በኩል?"

ሹፌሩ ለአፍታ አሰበ። "ከላይ በኩል። እኔ ረጅም ስለሆንኩ ከላይ ነበር የሚጽፉልኝ።"

ቀቢው ሳቁ መጣበት፤ ግን አልሳቀም። አሮጊቷ በር ተደግፈው የተነሱት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተረስቶ ቀርቶ አይቷል፤ የበሩ እጀታ ትከሻቸው ጋ ይደርሳል። የበሩ የላይኛው ክፍል ደግሞ አንድ ጭረት አልነበረበትም። በገዛ መዳፉ ያሻሸው በር ነው፤ እያንዳንዷን ስንዝር ያውቃታል። "ከላይ ልሙጥ ነው" ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ከላይ ልሙጥ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከታች ምን እንደነበረም ያውቃል።

"ይልቅ የአንድ ወሩን አሁን ስጠኝና ስለ ሌላው ሰኞ እንነጋገራለን" አለ።

"ከአንጀቴ!" አለ ሹፌሩ፤ ገብቶም የአንድ ወር ኪራይ ቆጥሮ አምጥቶ ሰጠው፣ ውለታ እንደሚውል ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። ቀቢው ደረሰኝ ሊጽፍለት ሲል "ምን ያደርግልኛል!" ብሎ ገባ።

ይህ የባንኩን ግማሽ ይሆናል። የቀረው ግማሽ ልክ የሰፊዋ የአንድ ወር ኪራይ ነው። የሦስት ወር እንኳ አያስፈልግም፤ የአንድ ወር።

ሰፊዋ የተጣጠፉ ሸሚዞች በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋ ከጓሮ መጣች። ለደንበኛ ልታደርስ ነው።

"ጋሼ" አለች ቆማ። "ስሰፋ ሳስበው ነበር። እርስዎ ቀቢ ነዎት። የቀቡትን መፋቅ ያቅትዎታል?"

"መፋቅማ ይፋቃል።"

"ከስር የመጨረሻው ረድፍ ነው የእኔ። እማማ በየዓመቱ ወደ ታች ነበር የሚወርዱት። ይፋቁትና ይዩት። ከሌለ ያሉኝን እከፍላለሁ፤ ካለ ደግሞ..." ትከሻዋን ነቀነቀች። "እኔ ከላይዎ ልቁም አልልም። ሥራ አለብኝ፤ እርስዎ ያዩት ይበቃኛል።"

ሄደች። ቀቢው መሀል ግቢው ላይ ቆሞ ቀረ። ከላይዎ ካልቆምኩ ብትለው ይሻለው ነበር።

መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ሥራው ያማረ ነበር፤ ነጭ፣ ልሙጥ፣ ብሩሽ ያረፈበት እንኳ አይታወቅም። መሣሪያ ሳጥኑን አመጣና ተንበረከከ። ጥጋኙ ጉልበቱን ተቀበለው። የመፋቂያውን ስለት ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍ አድርጎ በዝግታ ገፋ።

ቀለሙ እየተጠቀለለ ወረደ። ጠቆር ካለው እንጨት መሀል ነጭ የስቱኮ መስመሮች ብቅ ብቅ አሉ። በሚስማር ጫፍ እያንዳንዷን ፈለፈላት። መጀመሪያ የተሰረዙት መጡ፤ አምስት። ከእነሱ ቀጥሎ ያልተሰረዙት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከአራት በኋላ ይቆማል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ተስፋ ማድረጉንም ራሱ ታዘበው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። አሮጊቷ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ሁሉም እኩል ነው፣ ሁሉም ቀጥ ያለ።

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እውነቷን ነው። ከዚያ የሚስቱን እጅ አሰበ። የባንኳን ልጅ አሰበ። አሮጊቷን አስቦ ተናደደባቸው፤ አንድ ወረቀትና አንድ ምስክር ጠፍቶ ነው? ሙዚቃ እየሰማ የሚኖረውን ልጃቸውን አስቦ ደግሞ የበለጠ ተናደደ። ገንዘቡን የበላው ሌላ፣ በሩን የሚፍቀው እሱ። በመጨረሻ ፍትሕ የሚመስል ሐሳብ መጣለት። ሰባቱን ለምን አይካፈሉትም? ያለፈውን ሦስት ወር እሱ ይተውላታል፤ የሚመጣውን አራት እሷ ትተውለት። ሦስት ለእሷ፣ አራት ለእሱ። እሱም ተጎድቷል፣ እሷም ትጎዳለች። ሐሳቡ ደስ አላለውም፤ ግን ሊነሳ አቅም ሰጠው።

የስቱኮውን ጣሳ ከፈተ። የመጨረሻዎቹን አራት ጭረቶች ሞላና በአውራ ጣቱ አለሰለሳቸው። ሦስቱን ክፍት ተዋቸው።

ስትመለስ ጠራት። አሮጊቷ ከሞቱ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደፉ ላይ ትንሽ ቆም አለች። ከዚያ በሩ ስር ተንበረከከች።

"አሉ!" አለች። ፊቷ በራ። "አላልኩዎትም?"

"አሉ። እውነትሽን ነው። ያልተሰረዙት ሦስት ናቸው። ያለፈው ሦስት ወር ተዘግቷል፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቅሽም። ከዚህ ወር ጀምሮ ነው እንግዲህ።"

"ሦስት?"

ጣቷን በረድፉ ላይ አስኬደች፤ ዓይን ሳይሆን ጣት የሚያምን ሰው እንደሚያደርገው። አምስቱን የተሰረዙ አለፈች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጣቷ ግን አልቆመም፤ አራተኛው መሆን ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ እዚያ ቀረ። ስታነሳው ጫፉ ነጭ ሆኗል።

"እርጥብ ነው" አለች።

"ስንጥቅ ነበረው። እግረ መንገዴን ደፈንኩት።"

ጣቷን ከአውራ ጣቷ ጋር አሻሸችው፣ ጨርቅ ስትገዛ እንደምታደርገው። ወደ እሱ አላየችም።

"ዘጠኝ ዓመት" አለች ቀስ ብላ። "ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አጉድለውብኝ አያውቁም።"

ቀቢው እጁን ቱታው ላይ ጠረገ። አሁን ቢናገር ነገሩ ሁሉ ገና ነው፤ ስቱኮው አልደረቀም፣ በጥፍር ይወጣል። እሷም የምትጠብቅ ትመስላለች።

"እንግዲህ" አለች በመጨረሻ፣ አሁን ቀና ብላ ፊት ለፊት እያየችው፣ "እማማ ናቸዋ የረሱት።"

"እርጅና ነው" አለ። "ሰው ሲያረጅ ይረሳል።"

"አዎ። ይረሳል።"

ተነስታ ወጣች። ብዙ ሳትቆይ ተመልሳ ደፉ ላይ ቆመች፤ በላስቲክ የታሰረ ገንዘብ ይዛለች።

"ለልጄ የፈተና መመዝገቢያ ያስቀመጥኩት ላይ የዛሬውን ጨምሬበት ነው። የአንድ ወር ይሆናል፤ ይቁጠሩት።"

"ኧረ ምን መቁጠር ያስፈልጋል..."

"ይቁጠሩት ጋሼ። ደረሰኝም ይጻፉልኝ።"

"እጽፍልሻለሁ፣ በኋላ..."

"አይ፣ አሁን። በወረቀት ነው ብለውኝ የለ።"

ቆጠረ፤ ልክ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። በስቱኮ የተነካ አውራ ጣቱ የደረሰኙ ጥግ ላይ ነጭ አሻራ ጣለ። ቀድዶ ሌላ ሊጽፍ አሰበ፤ እሷ ግን እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። እያንዳንዷን ቃል አነበበች፤ ቀኑን፣ ገንዘቡን፣ ፊርማውን። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"ያ ቱታ" አለች ከመሄዷ በፊት፣ ጥጋኙን በአገጯ እያመለከተች፣ "ሲሳሳ ለሌላ ሰፊ ይስጡት። እኔ ሥራ ይበዛብኛል።"

ጓሮ በር ሲዘጋ ተሰማው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት። ከጀርባዋ የማጠቢያ ማሽን ያጓራል።

"ምን አለች?"

"ከፈለች።"

"እውነት? ሙሉውን?"

"ለሰኞ የሚበቃውን።"

"ተመስገን! አየህ? አላልኩህም? ፈርጠም ካልክ ሁሉም ይከፍላል።" ድምፅዋ ውስጥ ለወራት ያልሰማው ደስታ ነበር። "ቆይ ስመጣ..." ማሽኑ የቀረውን ዋጠው።

ስልኩን አልጋው ላይ ጣለ። በሩን ዘጋው፤ ከተፋቀው እንጨት መሀል ሦስቱ ጭረቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ማታ ከዚህ አልጋ ላይ ሲተኛ ፊት ለፊቱ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ተንበርክኮ ሦስቱንም ደፈናቸው። የተሰረዙትን አምስቱንም ጨመረ።

ከዚያ ቀለሙን ከፈተና ብሩሹን ነከረ። ስቱኮው እስኪደርቅ አልጠበቀም።